የጋሽ ቦልቴ ዶልፊን ሽምግልና ሄደች

ጋሽ ቦልቴን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ሶዶ ውስጥ ለቅሶ ቤት ደርሶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ከማለቱ በፊት ደጅ የቆመውን መኪና ጎማ የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። የእናቴ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ የወረዳ መሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ አንዲት አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ ገዛ። እሷ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እኔ ሠላሳ አንድ። ከሁለታችን ማንን አብልጦ እንደሚወድ ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ዘይትና ውሃ ያያል። የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል፣ ከላላ ያስጠብቃል። ረጅም መንገድ ሲወጣ ደግሞ በየሰዓቱ ይቆምና የአራቱንም ጎማ መሃል በእጁ ጀርባ ይዳብሳል፤ አንዱ ከሌሎቹ በልጦ ከሞቀ ፍሬኑ ወይም ኩሽኔታው ታሟል ማለት ነው። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እሱ ወይ ፍንክች! ወገቡን ስለሚያመው ግን መኪና ስር መግባት አይችልም። ስለዚህ እኔ የሒሳብ መምህሩ ሚልክያስ፣ የተከበርኩት ሰውዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መሬት ላይ ተንጋልዬ «አጥብቀው! ኧረ አላላው! አንተ ልጅ፣ ዓይንህን የት ጥለኸው መጣህ?» ስባል እውላለሁ። ይኼ ሁሉ ጣጣ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም ነበር።

አሁን ወደ ቤቴል ልምጣ። እኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ምን ልሸሽግ፣ አንድ ቀን «ኤክስን ፈልጉ» ልል «ቤቴልን ፈልጉ» ብዬ ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። ወላጆቿ ግን ያሉት ጂንካ ነው። አባቷ አቶ መክብብ የእኛው አገር ሰው ናቸው፤ ለሥራ ሄደው እዚያው አግብተው ቀሩ። ስለዚህ ሽማግሌ መላክ ያለብኝ እስከ ጂንካ ነው።

መጀመሪያ ምን አደረግሁ? በጋሽ ቦልቴ ዶልፊን አፈርኩ። ሽማግሎቼ በአሮጌ መኪና ሲንገጫገጩ አማቼ እንዲያዩ አልፈለግሁማ! አብረቅራቂ አዲስ መኪና ከነሹፌሩ ተከራየሁ። ሹፌሩ የራዲያተር ውሃ ማየት ክብሩን የሚነካው ዓይነት ልጅ ነበር። ገና ሁምቦ ቆላ ገብተው ተበላ ከተማ ሲደርሱ ጉድ ፈላ፤ አባባል ብቻ አይደለም፣ ራዲያተሩ እውነትም ፈላ። ከሽማግሎቹ አንዱ አቶ እስራኤል ወደ ጂንካ ደወሉ። ስልኩን ያነሱት የቤቴል እናት ናቸው።

«የት ደረሳችሁ?»

«ተበላ!» አሉ አቶ እስራኤል እየጮኹ፣ ኔትዎርኩ ስለሚቆራረጥ።

«ምኑ ነው የተበላው? በጉን ገና አሁን ማረዳችን ነው!»

«ተበላ ነን! መኪናችን ቆሞ ተበላ ቀረን!»

እናትየው የጂንካ ልጅ ናቸው፣ ተበላን የት ያውቁታል? ሽማግሎቹ መንገድ ላይ ምሳ በልተው የቀሩ መሰላቸው። አቶ መክብብ ማታ ደወሉና ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ተበላ ከተማ መሆኑንስ አውቃለሁ። ግን ጎረቤት ጠርቼ ተዋርጃለሁ። የፊታችን ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከቀራችሁ ደጄ ለሦስተኛ ጊዜ አይከፈትም።» ቤቴል ስትሰማ አለቀሰች። አባቷ ቃላቸውን አያጥፉም።

ጋሽ ቦልቴ «ነግሬህ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። «ቅዳሜ እኔ እወስዳቸዋለሁ፤ አንተም ትመጣለህ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ልጅ ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ይሄዳል እንዴ? ነውር ነው እኮ!»

«ጎማ ቢፈነዳ ክሪክ የሚይዙት ሽማግሌው ሐጂ ቡሽራ ናቸው? ከወንበር ኋላ ትደበቃለህ።»

ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ከዶልፊኗ ስር አልወጣሁም። ዘይት ቀየርን፣ ፊልትሮ ቀየርን፣ ጋሽ ቦልቴ ገና ደህና የነበረውን ቺንጋ አውጥቶ «ደህና ሳለ ነው የሚቀየር» አለ። ተማሪዎቼ ጥፍሬን እያዩ ይንሾካሾኩ ነበር።

ቤቴል ከዋዜማው ወላጆቿ ጋ ጂንካ ገብታለች፤ እኛ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። አቶ እስራኤል በቤተ ክርስቲያን ሱፋቸው፣ ባለሱቁ ጎረቤታችን ሐጂ ቡሽራ በነጭ ቆባቸው፣ አቶ ኤርሳዶ በከዘራቸው፣ እኔ በቱታ። ተበላ ስንደርስ ጋሽ ቦልቴ መኪናዋን አቆመ።

«ጋሼ፣ በፈጠረህ፣ ሌላ ቦታ ቁም!» አልኩ።

«ሰዓቱ ነው» ብሎ ወርዶ ጎማ መዳበስ ጀመረ። ምንም የለም፤ አለፍን። አርባ ምንጭም እንደዚሁ። ኮንሶ ላይ ግን የግራውን የኋላ ጎማ ነክቶ እጁን ሰበሰበ። «ትኩሳት አላት» አለ። ፍሬኑ ይዞ ነበር። አርባ ደቂቃ ሙሉ ጎማ አውልቄ፣ ፍሬን አላልቼ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ አቶ እስራኤል ከላይ ሰዓት እያነበቡልኝ። «አምስት ሰዓት ከሩብ! አምስት ተኩል!» እርር ድብን አልኩ። ሐጂ ቡሽራ ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያሉ ብሎኖቹን በቆባቸው ያዙልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው የአቶ መክብብ በር ላይ ደረስን። እልል ልል ምንም አልቀረኝም! እኔ ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ተጠቅልዬ ብርድ ልብስ ተከናንቤያለሁ። ሽማግሎቹ ወርደው በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። አቶ መክብብ ወጡ፣ ሰላምታ እንኳ አልሰጡም። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

«ሽማግሌ ነው የመጣልኝ ወይስ ታክሲ? ሞተር ሳያጠፋ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ገና ዛሬ አየሁ!»

«ቦልቴ፣ አጥፋው!» አሉ አቶ እስራኤል።

«አላጠፋም።»

ወይ አጎት! ያን ሁሉ መንገድ አምጥቶኝ በር ላይ ሊያርደኝ ነው!

«አቶ መክብብ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ጋሽ ቦልቴ። «ያላበው ሰው ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ አይጠጣም። ይቺም ከሶዶ ድረስ ሮጣ ነው የመጣችው፤ ቆማ በሚኒሞ አምስት ደቂቃ ትተንፍስ። ቸኩለን አይደለም። ባንቸኩል ነው የደረስነው።»

የአቶ መክብብ እርምጃ ወደ መኪናዋ ቀረበ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ አቶ መክብብ።

«ሃያ ስምንት።»

«የልጄ እኩያ ናት በሉኛ! በዚህ መንገድ አመጣቻችሁ? እስኪ ሞተሯን ልየው።»

የዶልፊን ሞተር ያለው የት ነው? ከፊት ወንበር ስር! ሞተሩን ለማየት ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ከወንበሩ ኋላ ደግሞ እኔ አለሁ። ጋሽ ቦልቴ «ኋላ ባየናት…» ማለት ሲጀምር አቶ መክብብ በሩን ከፍተው ወንበሩን ገለበጡት። አናቴ ላይ አረፈ።

«ኧረ ራሴን!» ብዬ ጮኽኩ።

ብርድ ልብሱ ተንሸራተተ። ፊቴ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ከአማቼ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን። ልጅ ጠያቂ በዚህ ቀን ደጃፋቸው ላይ መታየት የለበትም፤ አየሁ ካሉ ነገሩ አበቃ። ሐጂ ቡሽራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ እስራኤል ሰማይ ሰማይ አዩ።

አቶ መክብብ እጄን አዩ፣ የቆሸሸውን ጥፍሬን አዩ፣ ወደ ጋሽ ቦልቴ ዞሩ።

«ይኼስ ምንድነው?»

«መለዋወጫ ነው» አለ ጋሽ ቦልቴ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«የቻይና ነው?»

«ኧረ ኦርጅናል ነው! የሶዶ!»

የአቶ መክብብ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሳቃቸውን ውጠው ወንበሩን ቀስ አድርገው መለሱልኝ።

«ሽማግሎች፣ ግቡ። ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ ዞሩ። «መለዋወጫውን ፀሐይ አይምታው። በጓሮ በር አስገቡትና ቤቴል ውሃ ትስጠው።»

ቤቴል ጓሮ በር ላይ በጆግ ውሃ ይዛ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። አየችኝና መሳቅ ጀመረች፣ ስትስቅ ግማሹን ውሃ እግሬ ላይ ደፋችው። እኔ ግን በግሪስ እጄ ፊቴን ሸፍኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።