ባሩድ ያልጎረሰችው ቀለህ

የመኪናዬን ቁልፍ የማንጠለጥልባት አንዲት የጥይት ቀለህ አለችኝ። ናሷ ከእጅ ብዛት ነጣ ብሏል። ሳሸታት ዛሬም የዚያን ጊዜው ምድር ቤታችን፣ የቤዝመንቱ ሽታ ይመጣብኛል፤ የማሽን ዘይት፣ እርጥብ ምንጣፍና የአባቴ ሽቶ።

ያኔም እንዳሁኑ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር የምንኖረው። አባቴ አገር ቤት ወታደር ነበር፤ እዚህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ይተኩሳል። ጠመንጃው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ራሱ የሚያጎርስ ነው። ጥይት ግን ከሱቅ አይገዛም፤ የተተኮሰውን ቀለህ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ቂጡ ላይ ያለችውን መለኮሻ ቀይሮ፣ ባሩድ መዝኖ እንደገና ይሞላዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ሥራውን ለእኔ ለቀቀልኝ። የእሱ ዓይን ደክሞ ነበር፣ የእኔ እጅ ደግሞ ከእሱ ይሻል ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ቤዝመንቱ ውስጥ ቀለሆቹን ደርድሬ ባሩድ ስሞላ ሻምበሉ ደረጃውን ወረዱ። የአባቴ የድሮ አለቃ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ በሜትሮ ባቡር ይመጡ ነበር። ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል በእኛ ቤት አይታሰብም። ብድግ ብዬ "ኖር" አልኳቸው። ትምህርቴን ጠየቁኝ፣ የእናቴን ጉልበት ጠየቁኝ፣ መርቀውኝም ወደ አባቴ ወጡ። ወደ ሥራዬ ስመለስ የቱ ቀለህ ላይ እንደቆምኩ የማውቅ መሰለኝ። የጥይቱን እርሳስ ከመግጠሜ በፊት የሁሉንም ባሩድ በባትሪ ማየት የአባቴ ሕግ ነበር። ሻይ እንዳቀርብ ስለተጠራሁ ዘለልኩት።

በማግስቱ ተኩስ ሜዳው ላይ አባቴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥይቶች ደህና ተኮሰ። አራተኛው ላይ ቡሽ ሲነቀል የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ብቻ ወጣ። አባቴ የከሸፈ መስሎት አቀባበለና ሌላ አጎረሰ። ባዶዋ ቀለህ እግሬ ሥር ወደቀች፤ እርሳሷ ግን የለም። ያኔ ገባኝ። መለኮሻዋ ብቻዋን የገፋችው እርሳስ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሯል፤ ቀጣዩ ቢተኮስ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ይፈነዳል።

"አባዬ፣ ስቶፕ። እንዳትተኩስ። አንዷን ባሩድ ሳልሞላ ዘልያታለሁ።"

ጣቱን ከቃታው አነሣ። ካዝናውን ነቀለ፣ የጎረሰውን ጥይት አወጣ፣ ጠመንጃውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ የፈራሁበት ቀን የለኝም።

ቤት ገብተን እርሳሱን በዘንግ ካስወጣ በኋላ መቼ እንደሳትኩ ጠየቀኝ። ሻምበሉ ሲመጡ ተነሥቼ ነው አልኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ያችን ባዶ ቀለህ እጄ ላይ አኖረልኝ።

"ባሩድ ከተከፈተ" አለኝ፣ "እኔም ብገባ አትነሺ።"

ሻምበሉ ይህን ሲሰሙ ሳቁ እንጂ አልተቀየሙም። እኔም ከዚያ ወዲህ አንዲትም አልሳትኩም፤ ከማንም ጋር በዚህ እወራረዳለሁ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አባቴ በምርኩዝ ነበር የሚወርደው። የምርኩዙን ኳኳታ እየሰማሁ ዞር አልልም። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆሞ፣ እስትንፋሱን እየሰበሰበ ይጠብቀኛል። ሁሉንም በባትሪ አይቼ የባሩዱን ጣሳ ስከድን ብድግ ብዬ "ኖር" እለዋለሁ። "በእግዜር" ብሎ ይቀመጣል።

ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ጠመንጃው አሁን የእኔ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም እተኩሳለሁ። ጣሳውን በከደንኩ ቁጥር ግን ዛሬም ወደዚያው ደረጃ ዞሬ እነሣለሁ።