ከካርቶኑ የወጣ ኪኒን

ፋርማሲ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ መሸጥን አልነበረም። አንድ ካርቶን አስያዘኝና «የመድኃኒቱን ስም፣ የአምራቹን አድራሻ፣ የምርት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቢ። አንዱ ከጎደለ አትስጪ» አለኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ጡረታ እስክወጣ በዚሁ ቆየሁ። ሰው ግን «አልሰጥም» የምትለውን አይወድም። ምሳዬን ብቻዬን መብላት የለመድኩት እዚያው ነው።

የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ብቻ ለባለቤታቸው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ ወንበር ስበው ስለ ተማሪዎቻቸው ያጫውቱኝ ነበር። ቤቷ ማንም ለማይጠብቃት ሴት ያ ጨዋታ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ክረምት መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። መሪጌታ ተጨንቀው ሰነበቱና አንድ ቀን ፊታቸው በርቶ መጡ። ባንኮኒው ላይ ፌስታል አስቀመጡ። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው በኢንተርኔት ከማታውቀው ፋርማሲ አዝዛ በመንገደኛ ልካው ነው። መንገደኛዋ ሻንጣዋ እንዳይሞላ ካርቶኑንና ብልቃጡን ጥላ ኪኒኑን ፌስታል ውስጥ ገልብጣዋለች። ደግ ሰው ናት፤ የማነበውን ሁሉ ግን ጣለችብኝ።

«ሻጮቹ የሐኪም ማዘዣ ጠይቀዋታል?»

«ኧረ፣ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ነው የጻፈችላቸው።»

ፌስታሉን መልሼ ቋጠርኩት። «ይሄን ለባለቤትዎ አይስጧቸው። ከድሮው መድኃኒት የቀራቸውን ሳያቋርጡ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ሐኪሙ በሚገኘው ይቀይርላቸዋል።»

«ልጄ መርዝ ላከች ነው የምትይው?»

«እሷን አላማሁም፣ መሪጌታ። ሻጩን አላውቀውም።»

ፌስታላቸውን ይዘው ወጡ፤ ደኅና ዋይ እንኳ አላሉኝም። ከዚያ ወዲያ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፣ እሳቸው አይደሉም። ኩርፊያው ከፋኝ። ይበልጥ የከፋኝ ግን ባለቤታቸው ያንን ኪኒን ውጠው ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ ነው። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ከመስቀል በኋላ መጡ። ፌስታሉን አስቀመጡት፤ እኔ እንደቋጠርኩት ነው።

«ሐኪሙ ቀየረላት፣ ደኅና ናት። ልጄን ግን እናትሽ የላክሽውን እየዋጠች ነው አልኳት። ደስ አላት። አሁን ሌላ ልትልክ ነው።»

«ይደውሉላት» አልኩና ስልኩን ተቀብዬ ነገሩን አስረዳኋት።

«ታዲያ እኔ ምን ልላክላቸው?» አለችኝ።

ስልኩን ለአባቷ ሰጥቼ ወንበር ሳብኩላቸው።

ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ጥሩ ይሁን መጥፎ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማይታወቅ መድኃኒት አይሰጥም፤ ልጅ ብትልከውም አይሰጥም።