በእንዶድ የታጠበው የዘይት ሙቀጫ

እኔ ንጽሕና እወዳለሁ። በልጅነቴም «ንጽሕና ወዳድ» ይሉኝ ነበር፣ ዛሬም ምራቴ ትለኛለች፤ እሷ እንኳ ለማሽሟጠጥ ነው። በዚሁ ንጽሕናዬ አንድ ጊዜ መተማ ላይ የአንድ ደግ ሰው የእንጀራ ገመድ ልበጥስ ምንም አልቀረኝም።

መተማ የወረድሁት ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሌ ሞተ፤ ወንድሞቹ መሬቱን ያዙና «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብለው ሸኙኝ። ከማግባቴ በፊት ጎንደር ከተማ የኑግ ዘይት የሚያወጣ ሰው ቤት ሠርቼ ስለነበር፣ መተማም አንድ ዘይት አውጪ ሽማግሌ ተቀበሉኝ። ሐጂ ነው የምንላቸው። የግቢያቸውን ጥግ ለማደሪያ ሰጡኝ። እሳቸው ካሰናበቱኝ ከዚያ ወዲያ መግቢያ የለኝም።

ጎንደር ሳለሁ ሥራችን ቀላል ነበር፤ ዘይቱ ይወጣል፣ የቀረው ይጣላል። ፋጉሎውን፣ ዘይቱ ወጥቶለት የሚቀረውን ማለቴ ነው፣ ደጅ እንከምረዋለን። የጎረቤት ላም ከበላችው በላችው፣ ካልበላችው ክረምት ይወስደዋል። ዝቃጩ ገደል ይገባል። ሲመሽ ዕቃው ሁሉ በእንዶድ ይፈተጋል።

መተማ ግን ምን ቢሆን ጥሩ ነው! ምንም አይጣልም። አሳራ የሚሉት መጭመቂያቸው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ሙቀጫ ነው፤ ዘነዘናውን ግመል እየዞረ ያሽከረክረዋል። ፋጉሎውን ያው ግመል ይበላዋል። ዝቃጩ የግመል እከክ ይቀባበታል። ከኮኪት የሚመጣው ሰሊጥ ሲነፋ የሚወርደው አቧራ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይለሰንበታል። ጣሊያኖች የወረወሩት የቲማቲም ሰልሳ ጣሳ ሳይቀር ተለቅሞ ኩራዝ ይሆናል። «ሐጂ፣ ይኼንንስ ልጣለው?» ስላቸው፣ «ተይው፣ ሥራ ያገኛል» ይሉኛል። እኔ በልቤ፣ አይ የቆላ ሰው፣ ቆሻሻ አቅፎ ይኑር! እል ነበር።

ከሁሉ የከፋብኝ ሙቀጫው ነው። ጠቁሯል፣ ወዝቷል፣ ግራ ቀኙ ተጋግሮበታል፤ ታጥቦም አያውቅ። እሳቸው በጨርቅ ወልወል ያደርጉትና ይተዉታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ይኼ ሙቀጫ ሳይታጠብ ሞቼ እገኛለሁ አልሁ።

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሐጂ ለሁለት ቀን ከድንበሩ ማዶ ገላባት ተሻገሩ። የጾም ዘይት ፈላጊው ክርስቲያን ሁሉ እኛኑ ይጠብቃል፤ የዓመቱ ዋና ገበያ ያ ነው። የጾም ዘይት በቆሻሻ ዕቃ አይወጣም ብዬ፣ ከአገሬ ቋጥሬ ያመጣሁትን እንዶድ ወቅጬ፣ ፍል ውሃ ጨምሬ፣ ያንን ሙቀጫ ፈተግሁት ነው የምላችሁ! አረፋው ጉልበቴ ደረሰ። እንጨቱ ነጣ። የመተማ ፀሐይም ባንድ ቀን አደረቀልኝ። ኩራቴን ያየ!

ሐጂ መጡ፤ ሰሊጥ ተጨመረ፤ ግመሉ ዞረ። የወጣው ዘይት ግን አረፋ ያወጣል። ሐጂ በጣታቸው ቀመስ አደረጉና እንትፍ አሉት።

«በምን አጠብሽው?»

«በእንዶድ።»

«እንዶድ! ያ ሰላም!» አሉ በዐረብኛቸው፤ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። እንጨቱ ለካ የስንት ዓመት ዘይት ጠጥቶ የጠገበ ነበር፤ እኔ እሱን አውጥቼ መራራ አጠጣሁት። እንደገና ዘይት እስኪጠግብ ድረስ የሚወጣው ሁሉ ይመራል። የሁዳዴው ገበያ አለቀለት።

ወይ አበሳዬ! ምን አቀበጠኝ? ገብቼ ጨርቄን ቋጠርሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ስወጣ ሐጂ ያንን መራራ ዘይት ለኩራዝ ብለው በጣሳ ሲቀዱ አገኘኋቸው። እሱንም አልደፉትም።

«ወዴት ነው?»

«ልሂድ እንጂ፣ ሐጂ። በምን ፊቴ አይዎታለሁ?»

«እዚህ ግቢ ከገባሽ ወዲህ ምን ሲጣል አይተሻል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ባንቺ ልጀምር?»

እዚያው ፋጉሎው ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስሁ። «ማሌሽ፣ አይዞሽ። እንባሽን ፋጉሎው ላይ አታፍስሺ፤ ግመሉ ጨው ሲበዛበት ውሃ ያስቸግረናል» አሉኝ።

ሁዳዴውን ሙሉ፣ ለቤታቸው ካስቀመጡት ጥሩ ዘይት እየቀዱ ይሰጡኛል፤ እኔ ጧት ማታ ሙቀጫውን በጨርቅ አጠጣለሁ። ግመሉ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ያየኛል። ዘይት ያጣው ሰው መጥቶ ምን ነካችሁ ሲል፣ ሐጂ «እንጨቱ ታሞብኝ ነው» ይላሉ እንጂ አንድ ቀን እኔን አላነሡም። እኔ ከጀርባቸው ቆሜ መሬት ብትውጠኝ እላለሁ።

የፋሲካ ማግስት ሰሊጥ ገባ። የመጀመሪያው ዘይት ጠብ ሲል ራሳቸው አልቀመሱም፤ ወደ ሙቀጫው እያሳዩ «ቅመሽ፣ ያንቺን ምላስ ነው የማምነው» አሉኝ። ቀመስሁ። አልመረረም።