የነገ አንባቢዋ ክሎቲልድ

እኔ በካርታ አላምንም። ማርሴይ ወደብ ላይ ዓሣ ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ያልተሸጠው ዓሣ ነገ እንደሚሸት አውቃለሁ፣ ከዚያ የበለጠ ትንቢት የለኝም። ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግን ማዳም ክሎቲልድ ትኖር ነበር። ስንት ዘመን ሙሉ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የእኔን በር እያለፈ ወደ እሷ ሲወጣ አይቻለሁ።

ዕድል የምታነብባቸውን ባለሥዕል የታሮት ካርታዎች የወረሰችው ከአክስቷ ነው። ጠርዛቸው የተበላ፣ በጣት ወዝ የጠቆሩ ናቸው። የመርከበኛ ሚስቶች ይመጣሉ፣ ልጆቻቸው ለፈተና የተቀመጡ እናቶች ይመጣሉ፣ አንድ ጊዜ የፖሊስ አዛዥ ሚስት እንኳ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ መጥታለች። ሁሉም የሚጠይቁት ነገ ምን ይሆናል ብለው ነው። ክሎቲልድም ከእነሱ ብሳ ነገ፣ ነገ ስትል ኖረች። ባሏ የመርከብ ወጥ ሠሪ ነበር። ባሕር ላይ ሳለ መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ ካርታ ትዘረጋለች፤ ሲመጣ ደግሞ መቼ እንደሚሄድ ለማወቅ ትዘረጋለች። ሰውየው እኮ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሾርባ እየበላ ነው! አንድ ቀን ሄደና በዚያው ቀረ። ይህን ካርታው አልነገራትም፤ ወይም ነግሯት ይሆናል፣ እኔ ምን አውቄ።

ከዚያ በኋላ አብራት የኖረችው ታናሽ እህቷ ሮዜት ናት። ሮዜት ዕድሜዋን በተምር ማሸጊያ ፋብሪካ የፈጀች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ነበረች። ሐኪሞች ጉበቷ ላይ ዕጢ አግኝተው ሆስፒታል ተኚ ቢሏት «የእናንተን ጣሪያ እያየሁ አልሞትም» ብላቸው ወደ ቤቷ መጣች። ክሎቲልድ ደንበኞቿን አሰናበተች። አልጋውን ወደቡ በሚታይበት መስኮት ሥር አደረግነው። የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤ እስካሁን አልረሳውም።

ሮዜት የዚያን ዕለት እኔ ባለሁበት እህቷን እንዲህ አለቻት፦

«እማማ ስትሞት ሁለታችንም ሥራ ላይ ነበርን። ግድግዳ እያየች ብቻዋን ሄደች። እኔን እንደዚያ እንዳታደርጊኝ። ሰዓቴ ሲደርስ እጄን ያዢኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም።»

«ደግሞ ስንት ቀን ቀራት ብለሽ ካርታ እንዳትዘረጊብኝ። ነገን ለደንበኞችሽ ሽጪላቸው። ለእኔ ዛሬን ተይልኝ።»

ክሎቲልድ በእናታቸው ስም ማለችላት።

ሮዜት ይህን ያለችው ካርታ ጠልታ አይደለም። በየጠዋቱ ታስመጣቸውና ዓይኗን ጨፍና አንድ ትመዛለች፤ ከውሃ ብርጭቆዋ ጋር አስደግፋም ቀኑን ሙሉ ታየዋለች። ትርጉሙ እንዲነገራት ግን አትፈልግም። ክሎቲልድ «ይሄ እንግዲህ የሚያመለክተው...» ብላ ስትጀምር «ዝም በይና እዪው» ትላታለች። ከሁለት ማድጋ ውሃ የምታፈሰው ሴት ያለችበት የኮከብ ካርታ ሲወጣ፣ ሮዜት እግሯን በሞቀ ውሃ አሳጠበች። የጨረቃዋ ካርታ የወጣ ቀን ከሥር ካለው ኩሬ የሚወጣውን ባለመቆንጠጫ ፍጥረት አይታ እኔን አስጠራችኝ።

«ሙሴ ባፕቲስተን፣ ካርታው ሽሪምፕ ያምጡ ብሎዎታል።»

«ያ እኮ ሽሪምፕ አይደለም፣ ማድሞዋዜል።»

«በሽተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ ሽሪምፕ ካልኩ ሽሪምፕ ነው!»

አመጣሁላት። የበላችው ሁለት ፍሬ ነው፤ ግን እየላጠች፣ ጣቷን እየላሰች፣ ጨው ጨው የሚለውን የባሕር ጣዕም እያጣጣመች ከሰዓቱን ሁሉ ዋለችበት። እንደዚያ ተረጋግቶ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጅሉ የሚባለው ካርታ የወጣ ዕለት ደግሞ እህቷን ጠራቻት። ጅሉ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሽቅብ እያየ ይሄዳል፤ ከኋላው እንስሳ ሱሪውን ይቦጭቅለታል፣ እሱ ግን ዞርም አላለ። «አንቺን ቁጭ!» አለቻት ሮዜት። ክሎቲልድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ሳምንታት ክሎቲልድ ሌላ ሰው ሆና ነበር። ሾርባዋን በትኩሱ መጠጣት ለመደች። የእህቷን ፀጉር እያበጠረች ከጀልባዎቹ የትኛው የማን እንደሆነ ይከራከራሉ፣ ሁለቱም ይሳሳታሉ። ነገ የሚባል ቃል ካፏ ሲወጣ አልሰማሁም። በዚህ ዕድሜዋ ዳነች ብዬ ደስ አለኝ።

በኋላ ዶክተሩ መጣ። ሲወጣ ክሎቲልድ ደረጃው ላይ ክንዱን ይዛ ለእህቷ ስንት ጊዜ እንደቀራት ጠየቀችው።

«ማዳም፣ አንድ ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ክረምቱንም ልታልፍ ትችላለች። ይህን የሚያውቅ የለም።»

ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይቀበለዋል። የማይታወቀውን አሳውቃለሁ ስትል ለኖረች ሴት ግን ይህ ቃል የሚያስቀምጥ አልሆነም። ከምሳ በኋላ ሮዜት ሸለብ ሲያደርጋት ወጥ ቤት ገባች፣ በሩን ገርበብ አደረገች፣ ካርታዎቹን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረች። ካርታ አንባቢዎች የተጀመረውን ሳይጨርሱ አይነሡም፤ በግማሽ ከተዉት በተዘረጋለት ሰው ላይ መዓት ይመጣል ይላሉ። አክስቷ ይህን ያስተማረቻት በልጅነቷ እጇን እየመታች ነው።

እኔ የሽምብራ ዱቄት ጥብስ በትኩሱ ይዤላቸው ስወጣ የቤቱ በር ክፍት ነበር። ወጥ ቤት ማንም የለም። ካርታዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ተገልጠዋል። ክሎቲልድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሮዜትን እጅ በሁለት እጆቿ ይዛ ታሻለች፣ የበረደውን ሰው እንደሚያሞቁት። የሮዜት ፊት ወደ ወጥ ቤቱ ዞሯል። ነገሩ ገባኝ። ከማዘኔ በፊት ተናደድኩ፤ ካርታዎቹን ጠራርጌ በመስኮት ልወረውራቸው ቃጣኝ። የክሎቲልድን ፊት ሳይ ግን ሳህኑን አስቀምጬ ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

ከቀብር ስንመለስ የተምር ፋብሪካው ሴቶች ቤቱን ሞሉት። ከመካከላቸው ትልቋ፣ ፍራንሲን፣ ክሎቲልድን አቀፈቻት።

«አይዞሽ ልጄ፤ እንደ እናታችሁ ብቻዋን አልሄደችም። እጇን ይዘሽላታል።»

«አዎ» በያት፣ አልኩ በልቤ። አንዲት «አዎ» ማንን ትጎዳለች?

«አልያዝኩላትም» አለች ክሎቲልድ። «ወጥ ቤት ካርታ ዘርግቼ ነበር። ጠራችኝ። እንደ ወትሮዋ ነው የጠራችኝ፣ ውሃ ስትፈልግ እንደምትጠራኝ። ጥቂት ካርታ ቀርቶኝ ነበርና ‹መጣሁ፣ መጣሁ› አልኳት። ደግማ ጠራችኝ። ከዚያ ዝም አለች። መልሶ እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ ጨረስኩ።»

ሴቶቹ ወለል ወለሉን ያያሉ። ፍራንሲን ብቻ፣ የምትለው ጠፍቷት ይሁን ማወቅ ፈልጋ፣ በዝግታ ጠየቀቻት፦

«ካርታውስ... ምን አለ?»

ክሎቲልድ ጭኗ ላይ ያሉትን እጆቿን እያየች መለሰች።

«ገና ብዙ ጊዜ አላችሁ አለኝ።»