የቀዳዳ አናጺው የጭስ ወራት

የራምባንግ አባት ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲሠራ የኖረ አናጺ ነው። በካሃያን ወንዝ ዳር ባለው መንደር፣ ከየበሩና ከየመስኮቱ በላይ ነፋስ የሚያስገባው ጥልፍልፍ ጣውላ ሁሉ የእጁ ሥራ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ቀዳዳ የሌለው ቤት የሚሠራ ሰው፣ እሱ እንደሚለው፣ ጎረቤቱን የሚጠላ ሰው ነው። ዴሄን የሚባል የራሱ ስም ነበረው፤ ልጁ ራምባንግ ከተወለደ ወዲህ ግን፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የሚጠራበት የለም። ልጁ ወደ አንድ የወደብ ከተማ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ስሙ አባትየው ላይ ቀረ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ፤ ረግረጉ ደረቀና ከሥሩ እሳት ያዘ። ይህ እሳት ነበልባል የለውም። አፈሩን ከታች እየበላ ይጨሳል፣ ውኃ ሲያፈሱበት ትንሽ ያርፍና እንደገና ይጀምራል። ጭሱ መጥቶ መንደሩ ላይ ተኛ። ከጤና ጣቢያው የመጣችው ነርስ፣ አንድ ክፍል ምረጡ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኑ፣ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ አድርጉ፣ ውስጥ ምንም ነገር እንዳታጨሱ ብላ ቤት ለቤት ዞረች። ከኋላዋ መዶሻውን ይዞ የዞረው የራምባንግ አባት ነው።

«እባክዎ፣ ይሄን የሠሩልንን ቀዳዳ ይድፈኑልን» አለችው ጎረቤቱ ሚላይ።

«ስከፍተው ጊዜ አመስግነሽኝ ነበር።»

«አሁን ደግሞ ሲደፍኑት አመሰግንዎታለሁ። ምን ቸገረኝ!»

የሰው ቤት ደፍኖ ሲጨርስ የራሱን ደፈነ፤ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ስትቀር። ከመኝታ ቤቱ መስኮት በላይ፣ ለእሱና ለሚስቱ ሠርግ ፈልፍሎ የቀረጻት፣ በክንፎቿ መካከል ነፋስ የምታስገባ ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ አለች። የመሥሪያ ጠረጴዛው ከውጭ በኩል ልክ ከሥሯ ነው። ሚስቱ አስም አለባት። እሱ ጣውላ እየላገ፣ በወፏ ክንፎች መካከል የትንፋሿን ድምፅ እየሰማ ነው ያረጀው። ይህንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለእሷም ቢሆን። ወፏ ላይ ነጠላ ጨርቅ ሰቀለና የደፈነ መሰለው።

«የራምባንግ አባት፣ ወፏን ድፈንልኝ» አለች ሚስቱ ከሳሏ መሃል።

«ወፏ ደግሞ ምን አደረገችሽ?»

«እሷማ ምን ታድርገኝ። በክንፏ ሥር የሚገባው ነው የፈጀኝ።»

ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ባየ ጊዜ ግን ክርክሩ አለቀ። ከውጭ በኩል የወፏ ፊት ላይ ጣውላ መታ። የጣውላውን ስፌትና የወለሉን ክፍተት ሁሉ ጀልባ እንደሚደፈነው አድርጎ በልጥና በሙጫ ደፈነው። ነርሷ የክፍሉን አየር የሚያጠራ፣ ማጣሪያ የታሰረበት ቬንትሌተር አዋሰቻቸው። ሥራው ካለቀ በኋላ እዚያው ክፍሉ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ድካሙን ለመርሳት ሲጋራ ለኮሰ።

«ውጣ!» አለች ሚስቱ።

«አንዲት ናት'ኮ…»

«ውጣልኝ አልኩህ! ያን ሁሉ ደፍነህ ጭሱን ከኪስህ ታወጣልኛለህ?»

ወጣ። እሷም በሩን ከውስጥ ቆለፈችው፤ የባሏን ጠባይ ታውቃለች። ምግብ ልትቀበለው ብቻ ትከፍታለች፤ እሱ በረንዳ ላይ ያድራል። ችግሩ፣ ክፍሉን ከመጠን በላይ አሳምሮ ደፍኖታል። ከጠረጴዛው ላይ ጆሮውን ቢያቆም ምንም አይሰማም። ስለዚህ ተስማሙ፤ እሱ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ሲያንኳኳ እሷ ከውስጥ መልሳ ታንኳኳለች። ጎረቤቶች አናጺው ሥራ አጥቶ ግድግዳ መደብደብ ጀመረ እያሉ ሳቁበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንኳኳ፤ መልስ የለም። ደገመ። በሩን ሄዶ ደበደበ፤ ስሟን ጠራ። «የራምባንግ እናት» ብሎ ሳይሆን የእሷን የራሷን ስም፣ ልጃቸው ከተወለደ ወዲህ አፉ ያልለመደውን።

«ሩጌ! ሩጌ!»

ሮጦ ጠረጴዛው ላይ ወጣና ጣውላውን በገዛ መዶሻው ነቀለው። ከወፏ አንድ ክንፍ አብሮ ወደቀ። በቀዳዳው አንገቱን ሲያስገባ ሚስቱ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ታፈጥበታለች።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

«አልመለስሽልኝማ!»

«ተኝቼ ነበራ! ስንት ጊዜዬ ነው እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ! አሁን ይኸው፣ ጭሱን አስገባህልኝ!»

«የሞትሽ መስሎኝ ነው» አለ። ዕንባው ይወርዳል፤ በዚያ ሰሞን ዕንባው የማይወርድ ሰው አልነበረም።

እሷ ተነስታ የበሩን ቁልፍ ከፈተች።

ሲጋራውን ከነክብሪቱ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ገባ። ጣውላውን መልሶ መታው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ከውስጥ በኩል ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ ማንኳኳት አላስፈለገውም።