ከቀስቱ ጀርባ የተደበቁት ፎቶዎች

አሶሳ ገበያ አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷ ዐዋጢፍ አንድ ሕግ አላት፤ የማንም ፍላሽ ሳይፈተሽ አይከፈትም። «ኬላ አደረግሽው እኮ!» ይሏታል ደንበኞቿ። እሷ ፍተሻውን አስጀምራ ትጠብቃለች። እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ጥቂት ነው፤ እዚህ የምጽፈውም ማመልከቻ ላስጽፍ ሄጄ ከእሷ አፍ የሰማሁትን ነው።

ያን ቀን ከድባጤ ተፈናቅለው የመጡ ሰንበቴ የሚባሉ ሴት በመሐረብ ጫፍ የቋጠሩትን ፍላሽ ፈትተው ሰጧት። የሟች ባላቸው ፎቶዎች የቀሩት እዚያ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል።

ፍተሻው «ምንም የለም» አለ። ፍላሹ ሲከፈት ግን ፎልደሮቹ ሁሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ነበረባቸው። ጎረቤቷ ዘፈን ጫኙ ሚፍታህ አንገቱን አስግጎ አየ።

«አለቀለት። ፎርማት አድርጊውና ዘፈን እሞላላቸዋለሁ፤ ይጽናኑበት።»

«ፎርማት እኮ ያለውን ሁሉ መደምሰስ ነው።»

«እስቲ አንዱን ንኪው።»

«ብነካው ቫይረሱን ራሴ ቀሰቀስኩት። ቫይረስ ሰው ለተንኮል የጻፈው ፕሮግራም ነው፤ ራሱን እያባዛ ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ይሻገራል። ይሄ ቀስት የውሸት በር ነው። ፎቶዎቹን ደብቋቸዋል እንጂ አላጠፋቸውም።»

ሰንበቴ «ደብቋቸዋል» የምትለዋን ያዙ። «ታወጫቸዋለሽ፣ ልጄ?»

«ኢንሻአላህ፣ እትዬ። ሳላወጣ ቤቴን አልዘጋም።»

ቆየት ብላ ወደ ሚፍታህ ዞረች። «ቀስቱ በዓይን እየታየ ንጹሕ ነው የሚል ጠባቂ ራሱ ይጠረጠራል። ይህን አንቲቫይረስ ከየት አመጣህልኝ?»

«ከባምባሲ ልጆች። እነሱም ከሌላ ሰው። ሁሉም ሱቅ የሚጠቀመው እሱን ነው፤ በነጻ!»

እኛ ዘንድ እርሾ ከጎረቤት እንደሚወሰድ፣ አንቲቫይረስም ከሱቅ ሱቅ በፍላሽ ይዞራል።

«ጠባቂ መስሎ የሚገባውን ትሮጃን ይሉታል» አለች ዐዋጢፍ። «ማገዶ መካከል የተጠቀለለ እባብ። ማገዶ ነው ብለህ ተሸክመህ ታስገባዋለህ።»

«እባቡን ያስታቀፍኩሽ እኔ ነኛ!»

«አዎ። በል የስልክህን ኢንተርኔት ክፈትልኝ።»

ፎርማት የተደረገው የእሷ ኮምፒውተር ሆነ።

«ሥራሽስ?» አላት ሚፍታህ ደንግጦ።

«ደብዳቤ ደግሜ እጽፋለሁ። የሞተ ሰው ግን ደግሞ ፎቶ አይነሳም።»

ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነች። አንቲቫይረሱን ከሠሪው ድርጅት ገጽ ማውረድ ጀመረች። ኔትወርኩ ተቋረጠ። ጀመረች፤ ተቋረጠ። ጀመረች። ሲያልቅ ደግሞ አፕዴት አስከተለች። «የአዳዲስ ሌቦች ስም ያልደረሰው ዘበኛ ሌባውን ሰላም ብሎ ያሳልፋል» አለችን።

አዲሱ ጠባቂ ፍላሹን ፈትሾ ጮኸ። ሚፍታህ «አጥፊው!» አለ። እሷ ኳራንቲን የሚለውን መረጠች። «እንደ ኮሮናው ጊዜ ነው፤ ለይቶ መዝጋት። በስሕተት ጤነኛ ፋይል ይዞ ቢሆንስ?»

ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ከፈተች። አንድ ሰው ከማንጎ ዛፍ ሥር፣ ሸሚዙ ተከፍቶ፣ ስቆ ብቅ አለ።

«ቆልፍ ብዬው ነበር» አሉ ሰንበቴ። «እንቢ አለ።»

ዐዋጢፍ ፍላሹን ነቅላ ልትሰጣቸው ስትል እጇን ያዙት።

«ሌላም ላይ ገልብጪልኝና አንቺ ጋ ይቀመጥ። ሁሉን አንድ ቤት ማስቀመጥ ምን እንደሆነ አይቻለሁ።»

ባክአፕ የሚባለው ይኸው ነው። ሚፍታህ ሮጦ ከሱቁ አዲስ ፍላሽ አመጣ። ዐዋጢፍ ሰክታ ፍተሻውን አስጀመረች።

«አዲስ ነው እኮ!»

«ይሁን» አለችና ጠበቀች።