ብርድ ያቆያል እንጂ አይገድልም

ፍሪጅ ጠጋኙ ከሰው ጋር ተስማምቶ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው በፍሪጅ ሞተር ስም «ኮምፕሬሰር» የሚለው ለሥራው ብቻ አይደለም፤ ቀን ከሌት ስለሚያጉረመርምም ነው። የከፋው ጠቡ ግን ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነበር። ድሮ ጠጋኙ አንዷን ኩላሊቱን ለወንድሙ አውጥቶ ሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር «ኩላሊቴን በወጉ ውሃ አጠጣት» እያለ ሰው ፊት ይወጋዋል። ታላቅየውም መልስ አያጣም። ጠጋኙ ሠራሁ ብሎ የመለሰለት ፍሪጅ አትክልቱን ሁሉ በረዶ አድርጎ ስላበላሸበት፣ «ኩላሊትህስ ደህና ናት፤ የማትረባው እጅህ ነው» ይለዋል።

አሁን ለጠጋኙ በቀረችው አንዷ ኩላሊት ላይ ካንሰር ተገኘ።

«ካወጣናት ዕድሜ ልክዎን ደም የሚያጥበው ማሽን ላይ ነዎት» አለችው ወጣቷ ሐኪም። «ዕጢው ግን ገና ትንሽ ነው። ሆድዎን ሳንከፍት፣ በጀርባዎ ቀጭን መርፌ አስገብተን በብርድ እንገድለዋለን። ኩላሊቷ ትተርፋለች።»

«በብርድ?» አለ ጠጋኙ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሥጋ እንዳይበላሽ ሳቀዘቅዝ ነው። ብርድ ያቆያል እንጂ አይገድልም። ዕጢዬን ልታቆዩልኝ ነው?»

ልታስረዳው ብትሞክር ጆሮ ዳባ ልበስ አለና ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። ያኔ ሚስቱ ደውላ የጠራችው ታላቅ ወንድሙ ገባ።

«አንተን ማን ጠራህ?»

«እኔ አልመጣሁም። ኩላሊትህ ናት እህቷን ልጠይቅ ብላ ያመጣችኝ።»

ጠጋኙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ያ የጠገንከው ፍሪጅ ቲማቲሜን ምን አደረገው?»

«አቀዘቀዘው።»

«በረዶው ሲለቀውስ?»

ጠጋኙን ቲማቲሙ ትዝ አለው። ቀይ ድንጋይ መስሎ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲሟሟ ግን ውስጡ ፈርሶ ውሃና ልጣጭ ብቻ ቀረ።

«ሞተ» አለ እያጉረመረመ።

«እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው» አለች ሐኪሟ። «ዕጢውን በረዶ እናደርገዋለን፣ እናቀልጠዋለን፣ መልሰን በረዶ እናደርገዋለን።»

ጠጋኙ ማንንም ሳያይ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ።

ከሕክምናው በኋላ ሲነቃ፣ ወንድሙ ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት እያየ ነበር። እየሞላ ነው።

«ትሠራለች» አለ ታላቅየው።

«ፍሪጁም ይሠራ ነበር። የብርዱን መቆጣጠሪያ እስከ ጥግ ያዞርከው አንተ ነህ።»

«ስትነሳ እንጣላለን» አለው ወንድሙ፤ ወንበር ስቦም ተቀመጠ።